ጎሃ ጽዮን አፋፍ ላይ የጮኸው ቺንጋ

ስሙኝማ፤ ጆሮ ስጡኝ። ጊዜው ክረምት ነው፤ የጠዋቱ ጭጋግ መንገዱን ዘግቶታል። ከአዲስ አበባ በማለዳ የተነሳች አንዲት አሮጌ የናፍጣ ሚኒባስ ሱሉልታን አልፋ፣ ጫንጮን አልፋ፣ ገብረ ጉራቻን አልፋ ወደ ጎሃ ጽዮን ትገሰግሳለች። መድረሻዋ በደጀን በኩል ባሕር ዳር ነው። ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል፤ ጋቢና ከሹፌሩ ጎን እኔና ለለቅሶ የሚሄዱ አንዲት ነጠላ የደረቡ እናት ተቀምጠናል። ከተነሳንበት ሰዓት ጀምሮ ከእግራችን ሥር የሚወጣ አንድ ድምፅ አልለየን ብሏል።

ድምፁ ሁለት ዓይነት ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ይፈለጋል። ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሳ፣ የፊት መብራት ሲያበራ፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ጫን ሲያደርግ «ሲጥጥጥ» ብሎ ረዘም ያለ ጩኸት ይጮሃል። ሜዳ ላይ ሲረጋጋ ደግሞ ጩኸቱ ይቆራረጥና «ጭር፣ ጭር፣ ጭር» ይላል፤ ሞተሩ ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሞተሩ ሲዘገይ ይዘገያል።

«ልጄ፣ ምንድን ነው እሱ?» አሉ እናታችን።

«ቺንጋ ነው እማማ፣ አይስጉ። ሰሞኑን ነው አዲስ ያስገባሁት።»

እውነቱን ነው፤ ያስገባው አዲስ ነው። ከዚያ በፊት ያስገባውም አዲስ ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበረውም እንዲሁ። እያንዳንዱ ለጥቂት ቀን ዝም ይልና መጮህ ይጀምራል። አንዱ ጋራዥ «አጥብቀው» አለው፤ አጠበቀው። ሌላው ሳሙና ቀባለት፤ ጩኸቱ ያን ቀን ጠፋ፣ በማግስቱ ከአቧራ ጋር ተለውሶ ተመለሰ። ሦስተኛው ከቆርቆሮ የሚረጭ ነገር ረጨበት። ሁሉም ድምፁን ዝም ለማሰኘት ሠሩ። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ጎሃ ጽዮን እንግዲህ የሚያውቃት ያውቃታል። ከከተማዋ ወጣ እንዳሉ መሬቱ ያልቃል። አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ አባይ ይወርዳል፤ ድልድዩን ይሻገርና ያንኑ ያህል ሽቅብ ወደ ደጀን ይወጣል። ከአፋፍ እስከ አፋፍ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁለቱ ፍሬን ይፈትናል፣ ዳገቱ የሞተር ማቀዝቀዣ ይፈትናል። ልባም ሹፌር እዚያ ሻይ ይጠጣል፣ ጎማውን ያያል፣ ራዲያተሩን ይፈትሻል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚወርደው።

የእኛም ሹፌር ሻይ ሊጠጣ ቆመ። ሞተሩን ግን አላጠፋም፤ ጩኸቱ መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ካለች የቆርቆሮ ጋራዥ ገባ። ከዚያም አንድ አዛውንት እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ብቅ አሉ። ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ።

«ልጄ፣ ወደ አባይ ልትወርድ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«በዚህ ድምፅ?»

«ቺንጋ ነው ጋሼ፤ አዲስ ነው እኮ።»

«አዲስ ከሆነ ለምን ይጮሃል?»

ሹፌሩ መልስ አጣ። ጋሼም ጥያቄያቸውን ቀጠሉ። «ለመሆኑ ቺንጋው ምን ምን እንደሚያዞር ታውቃለህ?»

«ዲናሞ።»

«ሌላስ?»

«የውሃ ፓምፕና ቬንትሌተር።»

«ሌላስ?»

ዝም።

እኔም ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ ስለዚህ ላስረዳችሁ። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ መንገዱ በነዳጅ መስጫው ስለሚጠብ ከውስጥ ቫኪዩም ይፈጠራል፤ የፍሬን ፔዳልን የሚያቀለው ሰርቮ በዚያ ይሠራል። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ሳይገድብ ነው የሚስበው፤ ያ ጉልበት ከራሱ አይገኝም። ስለዚህ ለብቻው ቫኪዩም ፓምፕ ይሰጠዋል። ኤል በሚባሉት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ይህ ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ተሰክቶ በዲናሞው ዘንግ ነው የሚዞረው። እንግዲህ አስቡት። ቺንጋው ቁልቁለት መሃል ቢበጠስ የባትሪው መብራት ዳሽቦርድ ላይ ይበራል፤ ሹፌሩም «ቻርጅ ብቻ ነው የቀረ» ብሎ መንዳቱን ይቀጥላል። ሰርቮው ውስጥ የቀረው ቫኪዩም አንድ ሁለቴ ለመርገጥ ይበቃል። ከዚያ ፔዳሉ ይደነድናል። ፍሬኑ ጨርሶ አይጠፋም፤ ነገር ግን በሰው እግር ጉልበት ብቻ የሚያዝ ይሆናል። ሰው የሞላ መኪና፣ የአባይ ቁልቁለት፣ የአንድ ሰው እግር።

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«አሁን እንስማው» አሉ ጋሼ። ጋቢና ያለነው ወረድን፤ ሞተሩ ያለው ከወንበሩ ሥር ነውና ወንበሩ ተነሳ። ጋሼ ወደ እናታችን ዞር ብለው «እማማ፣ ነጠላዎን ሰብሰብ አድርገው ፈቀቅ ይበሉልኝ» አሉ። የራሳቸውን እጅጌ እስከ ክርን ጠቀለሉ፤ የረዳቱን የሹራብ ገመድ ራሳቸው ወደ ውስጥ ከተቱለት። የሚዞር ቺንጋ የጨርቅ ጫፍ ካገኘ እጅን አስከትሎ ይወስዳል፤ ይህን ያየ ሰው ሁለተኛ አይዘነጋም።

ሞተሩ ተነሳ፤ ሲጥጥጥ አለ፤ ቆየት ብሎ ወደ ጭር ጭር ተለወጠ። ጋሼ ክዳኗ የተበሳሳ የሃይላንድ ውሃ አስመጡ። ራቅ ብለው በሚሮጠው ቺንጋ የውስጥ ገጽ ላይ ጥቂት ረጩ። ድምፁ ወዲያው ጠፋ። ሹፌሩ ፊቱ በራ። ጋሼ እጃቸውን አንስተው ጠብቅ አሉት። ውሃው ደረቀ፤ ጭር፣ ጭር፣ ጭር።

«አየህ» አሉ፤ «ውሃ ሲነካው ጩኸቱ ቢብስ ኖሮ ላልቷል፣ እየተንሸራተተ ነው እል ነበር። ለአፍታ ዝም ብሎ መመለሱ ግን ሌላ ነገር ነው የሚነግረኝ። ፑሊዎቹ በአንድ መስመር አልቆሙም። ቺንጋው ወደ አንዱ ፑሊ ሲገባ በጎኑ እየታሸ ነው የሚገባው።»

ሜካኒኮች ሁሉ ይህን ቢያደርጉ ስንት ቺንጋ በከንቱ ባልተጣለ! ጥቂት ውሃ ነው፤ ምንም አያስከፍልም።

የጩኸቱን ምንጭ ካወቃችሁት ነገሩ ይገባችኋል። ጎማ በብረት ላይ ሲንሸራተት በአንድ ወጥ አይንሸራተትም፤ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል፤ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ይህን በብዙ መቶ ጊዜ ሲያደርግ ጆሯችን ሲጥታ ይሰማል። ከፑሊዎች ሁሉ ቶሎ የሚለቀው የዲናሞው ነው፤ ትንሽ ስለሆነ ቺንጋው የሚያቅፈው በጥቂት ቦታ ነው፣ ከሞተሩም ሁለትና ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። ጠዋት ሞተር ሲነሳ መጮሁም ከዚሁ ነው፤ ባትሪው ለማስነሻ ያወጣውን ዲናሞው ሊመልስ ሲል ይከብደዋል፣ ከባድ ነገር ደግሞ ቺንጋውን ያስለቅቀዋል። መብራት ማብራትም ያው ነው። የመሪ ፓምፕ በቺንጋ በሚዞርባቸው መኪኖች መሪውን እስከ ጥግ ሲያዞሩ ብቻ የሚመጣ ጩኸት ወደ መሪው ፓምፕ ይጠቁማል። ኤሲ ሲከፈት ብቻ ከመጣ ወደ ኮምፕሬሰሩ ነው። እንግዲህ ጋራዥ ስትሄዱ «ይጮሃል» ብቻ አትበሉ፤ መቼ መቼ እንደሚጮህ ንገሩ። በጤዛ ወይም በዝናብ ማግስት ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ ጩኸት ከእርጥበት ሊሆን ይችላልና ያንንም ለዩት።

ሞተሩ ጠፋ፤ የባትሪው ገመድ ተነቀለ። ጋሼ አሁን በእጃቸው ማየት ጀመሩ። የዚህች መኪና ቺንጋ ጎን ለጎን የሚሮጡ ሁለት ናቸው። አንደኛውን ገለበጡት፤ ጎኖቹ ጠንክረው ያብረቀርቃሉ። ሁለተኛው ደግሞ ከወንድሙ አርጅቷል፤ አንዱን ብቻ ቀይሮ ሌላውን የተወው ሰው አለ ማለት ነው። ጥንድ ቺንጋ ተነጣጥሎ አይቀየርም። አሮጌው ተለጥጧል፤ አዲሱ አጥሮ ጭነቱን ሁሉ ብቻውን ይሸከማል፣ ቶሎም ያልቃል።

ይህ ቪ ቅርጽ ያለው ቺንጋ ብዙ ዘመን አገልግሏል። ጆን ጌትስ እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ዴንቨር ከተማ ውስጥ ከጎማና ከጨርቅ እስኪሠራው ድረስ የመኪና ቬንትሌተር በቆዳ ጠፍርና በገመድ ነበር የሚዞረው። የቪው ጥበብ ጎኖቹ ላይ ነው። ቺንጋው በተወጠረ ቁጥር በፑሊው ጎድጓዳ ውስጥ ይሰነቀርና በሁለት ጎኑ አጥብቆ ይይዛል፤ ወለሉን ፈጽሞ መንካት የለበትም። ጋሼ ፑሊዎቹን በባትሪ መብራት አዩአቸው፤ ወለላቸው ዝገት አለው፣ ይህ ደግ ምልክት ነው። የጎድጓዳው ወለል የሚያብረቀርቅ ቢሆን ቺንጋው ቀጥኖ ሰምጧል፣ ወይም ፑሊው ተበልቷል ማለት ነበር።

ቺንጋዎቹ ወጡ። ጋሼ ፑሊዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው አሽከረከሩ። የውሃ ፓምፑን ያዝ አድርገው ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቁት፤ አልተላወሰም፣ ከሥሩም የውሃ ምልክት የለም። የዲናሞው ኩሽኔታ ግን ሲዞር ትንሽ ይጎረብጣል።

«ይህ ከመጥበቅ ብዛት የመጣ ነው» አሉ። «ሲጮህ አጠበቁት፣ ሲጮህ አጠበቁት። ቺንጋ ከልኩ ሲጠብቅ ጩኸቱን ለጊዜው ይተውና ኩሽኔታ ይበላል። ለዛሬ ያደርስሃል፤ ባሕር ዳር አስቀይረው።»

ከዚያ ሲባጎ አወጡ። ጫፉን በታችኛው በክራንኩ ፑሊ ፊት ላይ አስይዘው እስከ ዲናሞው ወጠሩት። ረዳቱን «ና እይ» አሉት፤ እኔም አንገቴን አስገባሁ። ሲባጎው የውሃ ፓምፑን ፑሊ ከላይ እስከ ታች ገጠመ። የዲናሞውን ፑሊ ግን ከላይ ሲነካው ከታች ክፍተት ነበረው። ዲናሞው አጋድሏል።

ለምን አጋደለ? ጋሼ ካርቶን አንጥፈው መኪናው ሥር ገቡ። ዲናሞ በሁለት ቦታ ነው የሚታሰረው፤ ከላይ መወጠሪያው ሽንጥር ላይ፣ ከታች ደግሞ በአንድ ረጅም ቦሎን ላይ፣ እሱን ተንተርሶ ወዲህና ወዲያ ይላል። ጥቂት ቆይተው ከሥር እጃቸውን ዘረጉና ያንን የታችኛውን ቦሎን ለሹፌሩ አቀበሉት።

«ይህ የራሱ አይደለም። ቀጭን ነው።»

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነበር። ከዓመት በፊት ይሁን ከዚያም በፊት፣ ዲናሞውን ያወረደ አንድ ሰው የመጀመሪያውን ቦሎን ጥሎት ይሁን ተሰብሮበት ያገኘውን አስገባ፤ መሃል ያለችውን ማራራቂያ ሮንዴላም ሳይመልስ ቀረ። ቀጭኑ ቦሎን በሰፊ ቀዳዳ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ቀዳዳውን አሞለለው። ከዚያ ወዲያ ቺንጋው በተወጠረ ቁጥር ዲናሞው ወደ ውጥረቱ ያዘነብላል፤ ሲያጠብቁት ደግሞ ይበልጥ ያዘነብላል። አዲስ ቺንጋ ይገባል፣ ጎኑ ይታሻል፣ ይጠነክራል፣ መያዝ ያቅተዋል፣ ጭነት ሲመጣ ይንሸራተታል። ጭር ጭሩ ከማጋደሉ ነበር፤ ሲጥታው ከጠነከረው ጎን። ሁለቱ ድምፆች የአንድ በሽታ ሁለት ደረጃዎች ነበሩ።

«ቺንጋ ምስክር ነው ልጄ» አሉ ጋሼ ከሥር ወጥተው እየተቀመጡ። «እናንተ ግን ምስክሩን እየገደላችሁ ሌላ ምስክር ትገዛላችሁ።»

ከመንገደኞቹ አንዱ ወጣት ቀረበ። ቤት ያለችው ቪትዝም ጠዋት ጠዋት ትጮሃለች፤ የእሷ ቺንጋ ግን ሰፊና ብዙ መስመር ያለው ነው፣ ይኸው ሁሉ ይሠራላታል ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ደስ አላቸው። መስመር ያለውና በብዙ ፑሊ መሃል እየተጠማዘዘ የሚያልፈው አንድ ወጥ ቺንጋ እ.ኤ.አ. በ1979 በፎርድ ሙስታንግ ላይ ከመጣ ወዲህ ዓለም ሁሉ ወደዚያ ሄዷል። ውሃውም፣ የመስመሩ ነገርም ለእሱ ይሠራል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ብዙዎቹ መኪኖች በምንጭ ብረት የሚወጥር ቴንሽነር አላቸው፤ ሞተሩ ሥራ ላይ ሳለ የቴንሽነሩ ክንድ በኃይል የሚርገበገብ ከሆነ ምንጩ ደክሟል፣ ቺንጋ ቢቀየር ለውጥ የለውም። በአንዳንዶቹ ዲናሞዎች ላይ ያለው ፑሊም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ነው፤ እሱ ሲበላሽ ድምፁ ቺንጋ ይመስላል። በድሮው ዘመን ቺንጋ ማርጀቱ በስንጥቅ ይታወቅ ነበር። ዛሬ የሚሠራበት ኢ.ፒ.ዲ.ኤም የሚባለው ጎማ ግን ሳይሰነጠቅ እንደ መኪና ጎማ እየተበላ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ስንጥቅ የለውም ተብሎ ደኅና ነው አይባልም፤ መስመሮቹ መሃል ያለው ጉድጓድ ሰፍቶ እንደሆነ ይታያል። ዘይት ወይም የራዲያተር ውሃ የነካው ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈሰው ይደፈናል፣ ከዚያ ቺንጋው ይቀየራል። ታይሚንግ ቺንጋ ከሽፋን ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸኛው ጩኸት እሱን አይመለከትም።

አገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከወሰነች ወዲህ በከተማው የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህ ቺንጋ የላቸውም። በመንገዱ ላይ ያሉት የናፍጣ ሚኒባሶች ግን ገና ብዙ ሰው ያመላልሳሉ፤ ለእነሱ ይህ እውቀት የሕይወት ጉዳይ ነው። ጋሼም ስለዚህ ነው መንገዱን ተሻግረው የመጡት፤ ማንም አልጠራቸውም።

ጥገናው ራሱ ረጅም አልነበረም። ጋሼ ከአሮጌ ዕቃ ጣሳ በልኩ የሆነ ጠንካራ ቦሎን ፈልገው አገኙ። ከብረት ቱቦ ቆርጠው፣ በሞረድ እየሞረዱ፣ እያስገቡ እያወጡ፣ ለሞለለው ቀዳዳ ቦኮላ አበጁለት። የጎደለችውን ሮንዴላ በውፍረቷ መርጠው መለሱ። ሲባጎው እንደገና ተወጠረ፤ አሁን ሦስቱንም ፑሊ ከላይ እስከ ታች ገጠመ። ሹፌሩ ከወንበሩ ሥር ያልተከፈተ ጥንድ ቺንጋ ነበረው፤ ጀርባቸው ላይ ያለው ቁጥር ከአሮጌዎቹ ጋር ተመሳከረ፣ ሁለቱም አብረው ገቡ። ፑሊዎቹ በንጹሕ ጨርቅ ተጠረጉ፤ ሳሙና የለ፣ የሚረጭ የለ።

ውጥረቱን ያደረጉት በአውራ ጣታቸው ነው። ረጅሙ ክፍል መሃል ላይ 10 ኪሎ ያህል ጫን ሲሉት አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ገባ። ከላይ ያለውን ቦሎን ከማጥበቃቸው በፊት የሹፌሩን ጣት ወስደው አስጫኑት። «ይህን እጅህ ይያዘው» አሉት።

ሞተሩ ተነሳ። መብራቱ በራ፣ ነዳጅ ተሰጠው። የናፍጣው ጉርምርምታ ብቻ ነበር የሚሰማው። ረዳቱ «እንሂድ፣ እንሂድ!» ማለት ጀመረ፤ ጋሼ ግን «አዲስ ቺንጋ ሲሞቅ ይቀመጣል፣ ይለጠጣል» ብለው አስር ደቂቃ ያህል አሠሩት፤ አጥፍተው እንደገና ጫኑት፤ እውነትም ላልቶ ነበር፣ ጥቂት አጠበቁት። እናታችን አንድም ጊዜ «ረፈደብኝ» አላሉም። ሲነሱ የጋሼን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው «ዕድሜ ይስጥልኝ» አሉ።

ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ወረድን። ፍሬኑ በተረገጠ ቁጥር ለስለስ ብሎ ይታዘዛል። በ2008 እ.ኤ.አ. በጃፓን እርዳታ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻገርን፤ ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ጭነት የሙቀት መለኪያዋ ከመሃል አልዘለለችም፤ ውሃ ፓምፑና ቬንትሌተሩ ልካቸውን እየዞሩ ነበር።

ደጀን እንደደረስን ሹፌሩ ማንንም ሳይጠብቅ ሞተሩን አጥፍቶ ወንበሩን አነሳ። አውራ ጣቱን ቺንጋው ላይ ጫነ። ስልኩን አውጥቶ ጋሼ ጋ ደወለ።

«ያው ነው ጋሼ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር።»

«ጎኖቹስ? በጣትህ ዳብሳቸው፤ የጎማ ብናኝ አለ?»

«የለም።»

«ፑሊውስ ያቃጥላል?»

«ሞቅ ይላል እንጂ አያቃጥልም።»

«በል እንግዲህ፤ ባሕር ዳር ስትገባ መጀመሪያ ቶርኖ ቤት ሂድ። የእኔ ቦኮላ ለመንገድ ነው፤ ቀዳዳውን አስተካክለው በልኩ ያስገቡልህ። ኩሽኔታውንም ያን ቀን አስቀይር። ሠራተኛው ቦሎኑን ሲመልስ አጠገቡ ቁም፤ ሮንዴላዋን እንዳይረሳት።»

ሹፌሩ እስክሪብቶ ከረዳቱ ተቀብሎ በቲኬት ጀርባ ላይ ጻፈው፤ ቦኮላ፣ ኩሽኔታ፣ ሮንዴላ።